ቅርጫ ልትገቡ ነው? ከበሬው በፊት ብልት አዋቂ ፈልጉ

ሰው በቅርጫ የሚጣላው በሬው ስለከሳ አይደለም። በሬው ቢከሳ ለሁሉም ነው የከሳው፤ አብሮ ይታዘናል፣ ያልፋል። ጠቡ የሚመጣው ሥጋው ቅጠል ላይ ሲደረደር ነው። አንዱ መደብ (የአንድ ቤት ድርሻ) ላይ ሽንጡ በዝቶ ሌላው ላይ አጥንቱ ሲከመር፣ አብሮ በዓል ሊያከብር የወጣ ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ተኮራርፎ ይከርማል። አይቻለሁ።

የምኖረው ካራ ነው። ኮተቤን አልፋችሁ፣ ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ላይ። የከብት ገበያው ጎረቤታችን ስለሆነ በዓል በመጣ ቁጥር ከመሃል ከተማ ዘመድ ይደውላል። «በሬ ስንት ገባ?» «እኛም ቅርጫ ልንገባ ነው፣ እንዴት ነው የሚመረጠው?» «አራጅ ታገኝልናለህ?» ሁሉንም በስልክ መዘርዘር ስለማይቻል ይኸው ጻፍኩት። የበሬ አመራረጡን እነግራችኋለሁ። ግን ከሁሉም በፊት ሥጋውን የሚያካፍለውን ሰው ፈልጉ። ብልት አዋቂ ሳትይዙ በሬ አትግዙ።

ገበያው እንዴት ዳር ወጣ

መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ እወቁ። ብዙ ሰው የከብት ገበያ ከከተማ ዳር የሆነው ለሽታው ተብሎ ይመስለዋል። እሱም አለበት፣ ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ የሚያሰኛት ቤተ መንግሥቱ፣ በዙሪያው የሰፈሩት የመኳንንት ሰፈሮችና ገበያው ነበሩ። ገበያው አራዳ ነው፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። እህሉም፣ ቅቤውም፣ ማሩም፣ ከብቱም እዚያው ሜዳ ላይ በየተራው ይሸጣል። መገበያያው ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባላል፤ ቀረጥ የሚሰበስበውም የነጋዴን ክርክር የሚዳኘውም እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ነጋድራሶች ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ዛሬ በቀላሉ የማይሸወደውን ልጅ «አራዳ» የምንለውም ከዚያው ሰፈር የመጣ ስም ነው። ገበያ የዋለ ሰው መች በዋዛ ይታለላል።

ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳን ለራሱ ሰዎች ፈለገው። ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው። መርካቶ የሚለው ስም ያኔ መጣ፣ አራዳ ላይ ደግሞ ፒያሳ የሚለው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሞቹ ቀሩ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ዘመናዊው ቄራም እንዲሁ ነው፤ ያኔ ዳር ነበር፣ ከተማው ሄዶ ዋጠው። የቅርቡን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተወሰደ። በዚህ ከተማ ምግብ የሚሸጥ ሰው ቦታ ለምዶ ሳይጨርስ ውጣ ይባላል።

ስለዚህ ዛሬ ትልልቆቹ የከብት ገበያዎች የከተማዋ በሮች ላይ ናቸው። ካራ በደሴ መንገድ፣ ሸጎሌ በሰሜን ምዕራብ፣ አቃቂ በደቡብ። መሃል የቀረው ቄራ ነው። ይህ ለገዢ ቁም ነገር አለው፣ በሩ በሬውን ይወስነዋልና። ወደ ካራ የሚመጣው ከብት በብዛት ከሰንዳፋ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ደጋ ነው። በአቃቂ በኩል ደግሞ የአርሲ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሐረርና አዳማ አካባቢ የደለበ ሰንጋ ይገባል። ነጋዴ ሁሉንም በየቦታው ስለሚያዘዋውር ይህ የማይጣስ ሕግ አይደለም። ግን ካራ ላይ ቆሞ «ሁሉም የሐረር ሰንጋ ነው» የሚላችሁን ሰው በጥርጣሬ ስሙት።

ብልት ምንድን ነው

ዶሮ 12 ብልት እንዳላት የማያውቅ የለም። የበሬም ሥጋ እንዲሁ ብልት በብልት ስም አለው፦ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ወርች፣ ሻኛ። በድሮው ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ ሥጋው እንዲሁ አይታደልም ነበር። ብልቱ በማዕረግ ነው የሚሰጠው፤ ይህ ለእገሌ፣ ያኛው ለእገሌ ተብሎ። ስለዚህ ብልቱን ከመገጣጠሚያው ሳያበላሽ የሚያወጣ፣ የትኛው ለማን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በመንደር ቅርጫ ግን ማዕረግ የለም። እኩል የከፈለ እኩል ይወስዳል። ዕውቀቱ ያው ነው፣ ሥራው ተገልብጧል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ብልት የሚወጣው ሰውን ከሰው ለመለየት ነበር፣ ቅጠሉ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሰውን ከሰው ለማስተካከል ነው። እኔ በሀገራችን የሥጋ ቆራጭ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሉካንዳ ቤት ቆሞ «ከዚህ ቁረጥልኝ» ማለት ማንም ይችላል። አንድን በሬ ለ12 ቤት፣ ማንም ቅር ሳይለው፣ ያውም ፀሐይ ሳይጠነክር ማዳረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን በጋራ? አንድ ቤተሰብ በሬ አርዶ አይጨርስም፣ ድሮ ደግሞ ፍሪጅ አልነበረም። ከዚያም በላይ በሬ የእርሻ ጉልበት ነው፣ በዋዛ አይነካም። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቡት ከብት ጋር ገባ የሚባለው በሽታ የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰው። ገበሬው የሚጠምደው አጣ፣ ረሃብ መጣ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አካባቢ የነበረው ያ ጊዜ ክፉ ቀን ተባለ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሰው አርአያ ሆኑ ይባላል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን በሬ ሲታረድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጥንቃቄ የሚሠሩት፣ ጅማቷን እንኳ የማይጥሉት፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነገር ኖሮባቸው ይመስለኛል።

ሰውና ገንዘብ

ከ8 እስከ 12 ቤት ይበቃል። ቁጥሩ ሙሉ ይሁን እንጂ ጎዶሎ አይሁን። የበሬው ጎን ሁለት ነው፤ ለ12 ሲሆን አንዱ ጎን ለ6፣ ሌላው ጎን ለ6 ይሄዳል፣ ሂሳቡ ይቀላል። ለ11 ሲሆን ብልት አዋቂው ያብዳል። ከ16 በላይ አትሂዱ፣ ጭቅናው ተቆራርጦ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። አቅም ያልፈቀደለት ካለ ሁለት ቤት ተጣምሮ አንድ መደብ ይያዝ፣ ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዓረፋ ለኡድሂያ አንድ በሬ እስከ 7 ሰው ነው የሚካፈሉት፣ እነሱ ዘንድ ልኩ የታወቀ ነው።

የእምነቱን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክርስቲያኑ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» የተባለበትን ነው የሚበላው። ሥጋ ቤቱ ሁሉ በሩ ላይ የክርስቲያን፣ የሙስሊም ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ ቄራም ማረጃው ለየብቻ ነው። አንድ ግቢ የሚኖር ሰው በጨዋነት ተጠያይቆ ለየብቻ ቅርጫ ቢገባ ማንም አይከፋውም።

ገንዘቡ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሰብሰብ። «እናንተ ግዙ፣ ሥጋው ሲመጣ እሰጣለሁ» የሚለውን ሰው በፍቅር እምቢ በሉት። በአንድ ወቅት እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ገባ፤ በሬው ከተገዛ በኋላ «ተወደደብኝ» ብሎ ወጣ፣ የእሱን ድርሻ እኛ ተከፋፍለን ከፈልን። በምሳሌ ልንገራችሁ፦ በሬው 120 ሺህ ብር ቢሆን ለ12 ሰው 10፣ 10 ሺህ ነው። እናንተ ግን ከዚያ ከፍ አድርጋችሁ ሰብስቡ። ደላላ አለ፣ መኪና አለ፣ ገመድ አለ፣ አራጅ አለ። የተረፈው በዕጣው ቀን ይመለሳል፤ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሁሉም አሳዩ።

ብልት አዋቂውን ከሁለት ሳምንት በፊት ያዙት። በዓል ሲደርስ አንድ ጥሩ ሰው በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ቤት ነው የሚጠራው። ስትጠይቁት ስንት በሬ እንዳረደ አትጠይቁት፣ አራጅ ሁሉ ብዙ አርዷል። «ባለፈው ለስንት ቤት አካፈልክ? እነማን ናቸው?» በሉት፣ ከዚያ ሂዱና እነዚያን ቤቶች ጠይቁ።

ካራ ስትወርዱ

የምታሳድሩበት ቦታ ካላችሁ ከበዓሉ ሳምንት አሥር ቀን አስቀድማችሁ ግዙ። ገበያው ረጋ ያለ ነው፣ በሬውን አዙራችሁ ታያላችሁ፣ ነጋዴው ያናግራችኋል። በተለይ ለፋሲካ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዘግተው ከርመው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሥጋ ይፈልጋል፤ ዋዜማው ሲደርስ ዋጋው እንዴት እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። በዋዜማው ማምሻ ላይ ነጋዴው ከብቱን ይዞ መመለስ ስለማይፈልግ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ያን ሰዓት የቀረው በሬ ሌላው ሁሉ አይቶ የተወው ነው።

ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ከብት የሚያውቅ፣ አንዱ የሚከራከር፣ አንዱ ገንዘቡን የሚይዝ። የሚከራከረው ገንዘብ አይያዝ፣ ገንዘብ የያዘው አይናገር። ግርግር ለሌባ ያመቻል፣ ስልካችሁንም ጠብቁ። ነጋዴው ከተስማማ በባንክ ወይም በቴሌብር ብትከፍሉ ይሻላል። ጠዋት ድረሱ፣ ቦት ጫማ አድርጉ፣ ክረምት ከሆነ የካራን ጭቃ አታውቁትም።

ደላላ ሳይጠራ ይመጣል። አትጥሉት፣ ገበያውን ያውቃል። ግን ከገዢም ከሻጭም እንደሚቀበል አትርሱ፣ ድርሻውን ከመነሻው ቁረጡለት። በሬው ቢያምራችሁም ነጋዴው ፊት «ዋ! ይኼማ!» አትበሉ። እኔ አባቴን ተከትዬ ስሄድ የሚፈልገውን በሬ እያለፈ ሌላውን ነበር የሚጠይቀው፣ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ወደሱ ይመለሳል።

በሬውን እንዲህ እዩት

«በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል። እዚህ ገበያ ላይ ሳሩን አይቶ የሚገባው ገዢው ነው። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ቀንዱ ያምራል፣ ሰው በቁመናው ይገዛል።

መጀመሪያ ከኋላ ቁሙ። ታፋው ሞልቶ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ሸለቆ ገባ ያለ? ጥሩ ሥጋ ያለው ከኋላና ከጀርባው ነው። ከዚያ በጅራቱ ሥር፣ ግራና ቀኙን በጣታችሁ ጫን በሉት፤ የደለበ ከሆነ ለስላሳ ጮማ ታገኛላችሁ፣ ካልሆነ አጥንት ይቀበላችኋል። ጎድኑ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ። ጎድኑ ጭራሽ የማይዳሰስ ከሆነ ጮማ በዝቷል፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ከስቷል፣ ጫን ስትሉ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ደግ ነው። ሻኛው ቀጥ ብሎ ሞልቶ ይቁም፤ ወደ ጎን የተንጋደደና የላላ ከሆነ በሬው ከስቶ ነበር ወይም እየከሳ ነው።

ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ጀርባው የሾለ በሬ አትግዙ። ጨው አልሰው ውሃ የሚያጠጡ አሉ፤ ገበያ ሲቆም ሞልቶ ይታያል፣ በማግስቱ ይጎድላል። እናንተ የከፈላችሁት ለውሃ ነው።

ጥርሱን እዩ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ይይላችሁ። ከብት የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ የሚታየው ከታች ያሉት 8ቱ ናቸው። ስምንቱም ወጥተው እኩል ከሆኑ ጎልማሳ ነው። የተበሉ፣ የተራራቁ፣ የጎደሉ ከሆኑ አርጅቷል፣ ሥጋው ለወጥና ለቋንጣ እንጂ ለጥሬ አይሆንም። ትከሻው ላይ የቀንበር ጠባሳ ካለ አርሶ የኖረ ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ ከእርሻ ወጥቶ በደንብ የተቀለበ በሬ ጣዕሙ የሚጠላ አይደለም። ብቻ ዋጋው እንደዚያው ይሁን።

ምን በልቶ እንደደለበ ጠይቁ። ፋጉሎና ፍሩሽካ የበላ አለ፣ አተላ የጠጣ አለ፣ በድርቆሽ ብቻ የከረመ አለ። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ደጁ ላይ አስሮ ከማሳው የሚያሳሳውን የማሽላና የበቆሎ አገዳ በእጁ ያጎርሰዋል፤ የሐረር ሰንጋ ዝናው ከዚህ ነው። የቦረና በሬ ትልቅ ነው፣ ቀለሙም ወደ ነጭ ይሄዳል። የኔ አስተያየት፦ ቅርጫው ለጥሬ የሚበላ ሰው የበዛበት ከሆነ ለሐረሩ ጨምሩ፤ ቤተሰብ የበዛበት ከሆነ በሥጋ ብዛት ቦረናው ያዋጣችኋል። ከቁመናው ክብደት ሥጋና አጥንት ሆኖ የሚተርፈው ግማሽ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሲያዩት የትየለሌ ይመስላል፣ ሲከፈል ግን ያው ነው።

ጤናውን ደግሞ በዓይን። አንገቱን የደፋ፣ ለሀጩ የሚዝረከረክ፣ የሚያነክስ፣ የሚያስል፣ ዓይኑ ያቀረረ ከሆነ ዋጋው ቢቀንስም እለፉት።

ከገበያ እስከ ቢላዋ

ካራ አካባቢ ከሆናችሁ በእግር ይነዳል፣ ራቅ ካለ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። የትም ቢሆን አትደብድቡት፣ አታስሩጡት። ደክሞና ደንግጦ የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ። ከማረጃው በፊት ባለው ቀን ምግብ አቁሙ፣ ውሃ ግን አትከልክሉት። ሆዱ ባዶ ሲሆን ሲበለት ይቀላል፣ ሥጋውም በፈርስ አይበከልም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ዝንብ ሳይነሳ ግማሹ ሥራ ያልቃል። የሚያስፈልገው፦ የተሳሉ ሦስት አራት ቢላዋዎች፣ ሞረድ፣ ፋስ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት በርሜል ንጹሕ ውሃ፣ ባልዲዎች፣ ንጹሕ ሸራ፣ ብዙ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የኮባ ቅጠል። ፈርስና ደም የሚገባበት ጉድጓድ በዋዜማው ይቆፈር። ደሙ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ አትቸኩሉ።

ቆዳው ሲገፈፍ ቢላዋው እንዳይበሳው ጠንቀቅ ይበል። ድሮ የቆዳው ዋጋ ለአራጁ ይበቃ ነበር። «ቆዳ ያለው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች ከደጃችን አይጠፉም ነበር። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ በበዓል ማግስት ቆዳ ቱቦ ላይ ተጥሎ ማየት ያሳዝነኛል። ቢያንስ በጨው አሹትና የሚወስድ ፈልጉ።

ሆዱ ሲከፈት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ይይ

ቄራ የታረደ ሥጋ ሐኪም አይቶት ማህተም ያርፍበታል። ግቢ ውስጥ የታረደ ይህ የለውም። ስለዚህ አቅሙ ካላችሁ በአካባቢያችሁ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጥሩና ይይላችሁ። ካልሆነም ራሳችሁ እዩ።

ምላሱን፣ ልቡን፣ የመንጋጋውንና የትከሻውን ሥጋ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ነገር ካለ የኮሶ ትል ነው። አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ የሚጠጡት ለዚህ ነበር። እንዲህ ያለ ሥጋ በጥሬ አይበላም፣ በጣም ከበዛ ጭራሽ አይበላም። ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሰዎች ነን፣ እኔም እወዳለሁ፣ ስለዚህ ይህቺን አምስት ደቂቃ አትዝለሏት። በደንብ የበሰለ ሥጋ ትሉን ይገድለዋል፤ ክትፎ ለብ ለብ ግን አይገድለውም።

ጉበቱ ውስጥ ቅጠል የሚመስል ትል ካለ፣ ወይም ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ፣ ያንን ብልት አውጡት። ለውሻ አትጣሉ። ውሻው በልቶት በሽታውን ለልጆቻችሁ ይመልሰዋል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሳይታረድ ድንገት ሞቶ የተገኘና ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የሚወጣ ከብት ካጋጠማችሁ ደግሞ ቢላዋ አታስነኩት፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰው ይገድላል። ርቃችሁ ሐኪም ጥሩ።

ማካፈሉ

ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚጠራቸው አንድ ጋሼ ነበሩ። ሲመጡ በሬውን አያዩም። ቅጠሉን ነበር የሚያዩት። «ስንት ቤት ናችሁ?» ይላሉ። «12 ነን ጋሼ» ስንላቸው፣ ቅጠሉን ራሳቸው በ12 ቦታ ይደረድሩታል፣ በሁለት ረድፍ፣ 6 በ6። ከዚያ በኋላ ማንም ቅጠሉን እንዲያልፍ አይፈቅዱም። እኔ የተማርኩት እሳቸውን አይቼ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሥጋውን ደባልቃችሁ አትከምሩ። ብልት በብልት አውጡ፣ አንዱ ብልት ለሁሉም መደብ ሳይዳረስ ሌላው አይነካ። ሽንጡ ወጣ? የግራው ሽንጥ ለ6ቱ ረድፍ፣ የቀኙ ለሌላው 6። አለቀ? አሁን ዳቢት። አለቀ? ታላቅ፣ ከዚያ ታናሽ፣ ከዚያ ወርች። እንዲህ ሲሄድ በየትኛውም ደቂቃ ብታቆሙት መደቦቹ እኩል ናቸው። ቸኩሎ ትልልቁን ቆርጦ ደርድሮ «በኋላ አስተካክላለሁ» የሚል ሰው በኋላ የሚያስተካክልበት ሥጋ አያገኝም።

ጭቅናው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይፈልገዋል። በርዝመቱ ሳይሆን በአግድሙ ይቆረጥ፣ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ የጫፍ የደረሰው ቁራሹ ረዘም ይበልለት። ሻኛውም እንዲሁ። ፍሪምባው ጮማና ቀዩ አብሮ እንዲሄድ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ለአንዱ ጮማ ብቻ፣ ለሌላው ቀይ ብቻ እንዳይሆን። ጎድኑ ይቆጠራል፣ በቁጥር ነው የሚካፈለው። ቅልጥሙ 4 ነው፣ ለ12 አይደርስም። በፋስ ሰብራችሁ ማዳረስ ትችላላችሁ፣ ወይም ቅልጥም ላልደረሰው መደብ ሥጋ ያለው አጥንት ጨምሩ። ጋሼ ይህንን ሲያደርጉ ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር፦ «ይኸው፣ ይኼ ቅልጥም የለውም፣ ሥጋ ጨምሬለታለሁ፣ አያችሁ?» ሁሉም «አየን ጋሼ» እስኪል ይጠብቃሉ። በኋላ ማንም አፍ አይኖረውም።

የሆድ ዕቃው ለብቻው ነው። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ሽንፍላ፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ አንጀት። ይህንን ሴቶቹ ቢያካፍሉት ይሻላል፣ ዱለቱን የሚሠሩት እነሱ ስለሆኑ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሽንፍላ ማጠብ ትዕግሥት ይፈልጋልና ታጥቦ ይከፈል፣ ሳይታጠብ አይከፈል። ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፣ የነካው ሁሉ ይመራል። ጭንቅላት፣ ምላስና እግር ለ12 አይከፈልም፤ ከመካከላችሁ ለሚፈልገው ሸጣችሁ ገንዘቡን ለአራጁ ወይም ለሁሉም አድርጉት። ዋጋውን ግን በሬው ሳይታረድ ተስማሙ።

ሚዛን ይኑር አይኑር የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይኑር፣ መጨረሻ ላይ ለማመጣጠን ጥሩ ነው። በሚዛን ብቻ አታካፍሉ ግን። ሚዛን ሽንጥን ከጉልበት አጥንት አይለይም።

መደቡ ሲያልቅ ብልት አዋቂው ወደኋላ ሄዶ ይቁምና ይይ። ከዚያ ከእናንተ መሃል ሥጋውን ያልነካ ሰው ይምጣና «የትኛውን ብትወስድ ደስ ይልሃል?» ተብሎ ይጠየቅ። ወዲያው አንዱን ከጠቆመ ያ መደብ በልጧል፣ ቀንሱለት። ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ያኔ ደርሷል።

አሁን ዕጣ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ይስጥ፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ እንጨት፣ የቅጠል ቁራጭ፣ ማንም የሌላውን እንዳይመስል። አንድ ሰው በኮፍያ ይሰብስባቸው። መደቦቹ ሲሠሩ ያልነበረ ልጅ ይጠራ፣ ከቤት የመጣ፣ የትኛው የማን ምልክት እንደሆነ የማያውቅ። ልጁ ሳያይ እያወጣ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጥ። ቁልፋችሁ ያረፈበት የእናንተ ነው። መለወጥ የለም፣ «የኔ ይሻላል ያንተ» የለም፣ ፌስታላችሁን ዘርግታችሁ አንሱ።

ጋሼም እንደኛው ከፍለው ነበር ቅርጫ የሚገቡት፣ ግን በኮፍያው ውስጥ ምልክት አያስገቡም። እጃቸውን እየታጠቡ ይጠብቃሉ። 11ዱ ቤት አንስቶ ሲያበቃ ቅጠሉ ላይ አንድ መደብ ብቻ ትቀራለች። «ያቺ የኔ ናት» ይላሉ፣ ቢላዋቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ያቺን ይዘው ይሄዳሉ።